ካህኑ፣ አሸዋውና የካርቱም ሙዚየም ባዶ ሣጥኖች

የሱዳን ጦር በማርች 2025 መሀል ካርቱምን መልሶ ሲይዝ (ዘመኖቹ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከገቡባቸው ቦታዎች አንዱ በጥቁር ዓባይ ዳር ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ያሳዩን ነገር አንጀት ይበላል። ወርቁ የነበረበት ክፍል ባዶ ነው። መስታወቱ ረግፏል፣ ወለሉ በሣጥን ስብርባሪ ተሞልቷል። የጥንቱ የኩሽ ንጉሥ የታሃርቃ ግዙፍ ሐውልት ለመጫን ስለከበደ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

ሙዚየሙ ጦርነቱ ከመነሳቱ በፊት ለእድሳት ተዘግቶ ነበር፤ ብዙው ቅርስም በሣጥን ታሽጎ ተቀምጦ ነበር። ለጥንቃቄ የተደረገው ነገር ለዘራፊው ተመቸው። ከመስታወት ውስጥ አንድ አንድ እየለቀሙ ማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ሣጥን ግን ተሸክሞ መኪና ላይ መጫን ብቻ ነው። ቦታው ከጁን 2023 ጀምሮ ጦሩን በሚወጉት በፈጥኖ ደራሽ ኃይሎች እጅ ነበር። ዩኔስኮ በሴፕቴምበር 2024 ማንም የሱዳንን ቅርስ እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ጥሪ ሲያቀርብ፣ ዕቃው በጭነት መኪና ወጥቷል የሚለው ወሬ ቀደም ብሎ ተሰራጭቶ ነበር።

ስለ ዝርፊያው ብዙ ተብሏል፣ ገና ብዙም ይባላል። እኔን የያዘኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ከጠፋው ነገር አንዱን ወገን፣ የክርስቲያን ኑቢያን ቅርስ፣ ምን እንደነበረ የምናውቀው በማን ሥራ ነው? ከሚጠሩት ስሞች መካከል አርኪዮሎጂን ሙያዬ ብሎ ያልጀመረ አንድ ጣሊያናዊ ካህን አለ፤ አባ ጆቫኒ ቫንቲኒ፣ የኮምቦኒ ሚሲዮናዊ።

በሐዋሳ ያደገ ሰው ኮምቦኒ የሚለውን ስም ከትምህርት ቤት ጋር ያያይዘዋል። ማኅበሩ ስሙን ያገኘው ከዳንኤል ኮምቦኒ ነው፤ በ1881 ካርቱም ላይ የሞተ ጳጳስ። እሱ በሞተ በአራተኛው ዓመት መጀመሪያ ላይ የማህዲ ጦር ከተማዋን ያዘ፤ ሚሲዮናውያኑም ለዓመታት ኦምዱርማን ውስጥ በምርኮ ተቀመጡ። ከእነሱ አንዱ ዮሴፍ ኦርቫልደር በ1891 አምልጦ ምርኮውን በመጽሐፍ ተረከ። እንግዲህ ይህ ማኅበር ከሱዳን ጋር ያለው ትዝታ ከጅምሩ የመቃብር፣ የእስርና የማስታወሻ ደብተር ትዝታ ነው። ሚሲዮናዊ ሲባል የሚሰብክ ሰው ብቻ የሚታየን ከሆነ ሌላውን ሥራውን እንስተዋለን፤ የሚጽፍ፣ የሚመዘግብ፣ ለበላዮቹ ደብዳቤ የሚልክ ሰው ነው። በተለይ ሰሜን ሱዳን ላይ፣ ሕዝቡ ሙስሊም በሆነበትና ስብከት በር በተዘጋበት አገር፣ የተማረ ካህን የሚቀሩት ሥራዎች ማስተማር፣ ማስታመምና ማንበብ ነበሩ። ቫንቲኒ አነበቡ። ዓረብኛ ያውቁ ነበር፤ ያነበቡትም ዓረቦች ስለ ኑቢያ የጻፉትን ነው።

ነገሩ ሊገባን ኑቢያ ማን እንደነበረች ማስታወስ ያስፈልጋል። በ6ኛው መቶ ዘመን ከግብፅ ደቡብ፣ በዓባይ ወንዝ ዳር ሦስት መንግሥታት ነበሩ፤ ኖባዲያ፣ ማኩሪያና አልዋ። ከቢዛንቲየም ንግሥት ቴዎዶራ የተላከው ዩልያኖስ፣ ከእሱም በኋላ ሎንጊኖስ ኖባዲያንና አልዋን አጠመቁ። በ652 ዓረቦች ግብፅን ከያዙ በኋላ ወደ ደቡብ ዘልቀው የማኩሪያን ዋና ከተማ ዶንጎላን ከበቡ፤ ግን የኑቢያ ቀስተኞች ዓይን ዓይን እያሉ ወጓቸውና በስምምነት ተመለሱ። ያ ስምምነት ባቅጥ ይባላል። ኑቢያ በዓመት 360 ባሪያ ትሰጣለች፣ በምትኩ እህልና ሸቀጥ ታገኛለች። በዚህ ዓይነት መንግሥቱ ከ600 ዓመት በላይ ኖረ። ጽሑፉን በግሪክ፣ በቅብጥና በራሱ ቋንቋ በጥንቱ ኑቢኛ እየጻፈ፣ ቤተክርስቲያኑን በሥዕል እያስጌጠ ኖረ። ከዚያ ቀስ በቀስ ጠፋ። በዶንጎላ የነበረው የንጉሡ አዳራሽ በ1317 መስጊድ መሆኑን የሚናገር ጽሑፍ ዛሬም አለ።

አንድ ነገር ከዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ቅርብ ነው። ስንክሳሩ ስለ እስክንድርያው ፓትርያርክ ፊላታዎስ ሲያነብ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ ለኑቢያው ንጉሥ ጊዮርጊስ የጻፈውን ደብዳቤ ይጠቅሳል። ዘመኑ የ10ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ነው። ንጉሡ በአገሩ ላይ አንዲት ሴት ተነስታ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለች፣ ጳጳስም እንደሌለው እየተማጸነ፣ ጊዮርጊስ በፓትርያርኩ ዘንድ እንዲያማልደው ይለምናል። ጊዮርጊስ ጻፈ፤ ፓትርያርኩም ከአባ መቃርስ ገዳም መነኩሴ ዳንኤልን ጳጳስ አድርጎ ላከ። ሴትዮዋን ብዙዎች ከዮዲት ጉዲት ጋር ያገናኟታል። እኛ ይህን ታሪክ የምናወራው ስለ ዮዲት ለማውራት ነው። ከኑቢያ በኩል ሲታይ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ንጉሥ እስክንድርያ ድረስ ቃሉ የሚሰማለት ሆኖ ያገኘው አማላጅ ዶንጎላ ላይ የተቀመጠውን ንጉሥ ነበር።

የቫንቲኒ ትልቁ ሥራ እንዲህ ዓይነቱን ወሬ አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። በ1975 የሃይደልበርግና የፖላንድ የሳይንስ አካዳሚዎች ያሳተሙት «ስለ ኑቢያ የምሥራቅ ምንጮች» የሚል ይዘት ያለው ጥራዝ 800 ገጽ ገደማ ነው። ዓረብኛውን፣ ሱርስቱን፣ ሌላውንም እየተረጎመ በዘመን ቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ለሊቃውንት ካልሆነ በቀር አንብቦ የሚደሰትበት የለም። ግን ያለ እሱ፣ ስለ መካከለኛው ዘመን ኑቢያ የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየቤተ መጻሕፍቱ ለዓመታት መንከራተት ነበረበት።

ለምሳሌ ኢብን ሰሊም አል አስዋኒን እንውሰድ። በ10ኛው መቶ ዘመን ግብፅን የያዙት የፋጢማውያን ገዢዎች መልእክተኛ ሆኖ ከግብፅ ወደ ኑቢያ ንጉሥ የሄደ ሰው ነው። ያየውን ጻፈ፤ መጽሐፉ ጠፋ። የቀረው በዋናነት ግብፃዊው አል መቅሪዚ ከ400 ዓመት በኋላ ከእሱ የገለበጠው ቁራጭ ነው። ማለትም ስለ ዶንጎላ ከተማ፣ ስለ አልዋና ስለ ዋና ከተማዋ ሶባ አትክልት ስፍራ የምናውቀው፣ የጠፋ መጽሐፍ ሌላ መጽሐፍ ውስጥ ስለተጠቀሰ ነው። የኑቢያ ታሪክ ብዙው ክፍል የተረፈው እንዲህ ነው፤ አንዱ ከሌላው እየገለበጠ።

ሌላው ምሳሌ ካህኑ ራሳቸው ጽሑፍ ያወጡበት ጉዳይ ነው። በ836 አካባቢ የኑቢያው ንጉሥ ዘካርያስ ልጁን ጊዮርጊስን ወደ ባግዳድ ላከው። ምክንያቱ ገንዘብ፣ ወይም ባሪያ፣ ነው። የባቅጡ ግብር ለ14 ዓመት ሳይከፈል ተጠራቅሞ ኸሊፋው ውዝፉን ጠየቀ። ልዑሉ ዓባይን ወርዶ፣ ግብፅን አቋርጦ ኸሊፋ አል ሙዕታሲም ፊት ቀረበ። ተከበረ፣ ስጦታ ተሰጠው፣ ግብሩም በየሦስት ዓመቱ አንዴ እንዲሆን ተፈቀደለት። ይህን ከሚተርኩት አንዱ የሱርስት ጸሐፊው ሚካኤል ሶርያዊ ነው፤ እሱም ወሬውን ያገኘው በዚያው ዘመን ከነበረና ልዑሉን በዓይኑ ካየ ፓትርያርክ ዲዮናስዮስ ነው። የግብፅ ፓትርያርኮች ታሪክ ሌላ ይላል፤ ዓረቦቹ ስሙን ቂርቂ እያሉ ሌላ ይጨምራሉ። ቫንቲኒ በ1970 ባወጡት ጽሑፍ የያዙት ጥያቄ አጭር ነው። ጉዞው አንድ ነው ወይስ ሁለት?

ጥያቄው ለብዙው ሰው ትንሽ ይመስላል። ለታሪክ ጸሐፊ ግን መንገዱን ሁሉ ይለውጠዋል። አንድ ጉዞ ከሆነ፣ የተለያዩት ምንጮች ያንኑ ነገር በየራሳቸው መነጽር እያዩ ነው። ሁለት ከሆነ፣ በኑቢያና በባግዳድ መካከል ያለው ግንኙነት አንዴ ተነስቶ የጠፋ ድንገተኛ ነገር አልነበረም ማለት ነው። ከሰባኪ የምንጠብቀው መልሱን አስቀድሞ የያዘ ሰው ነው። እዚህ ግን የምናየው ካህን ምንጭን ከምንጭ እያጋጨ ቁጭ ብሎ ቀን የሚቆጥር ሰው ነው።

መጽሐፉ ብቻውን ግን ሰውየውን አርኪዮሎጂስት አያደርጋቸውም። ያንን ያደረገው ግድብ ነው።

ግብፅ በ1960 የአስዋንን ትልቁን ግድብ መሥራት ስትጀምር፣ ከጀርባው የሚተኛው ውኃ ሱዳን ድረስ እንደሚገባ ይታወቅ ነበር። በዩኔስኮ ጥሪ ከብዙ አገር የመጡ ቡድኖች ሊሰምጥ ያለውን መሬት ተከፋፍለው መቆፈር ጀመሩ። ፋራስ የሚባለው ቦታ ለፖላንዶች፣ ለፕሮፌሰር ካዚሚዬዥ ሚካዎቭስኪ ቡድን ደረሰ። ከ1961 እስከ 1964 ድረስ አንድ ትልቅ የአሸዋ ጉብታ ሲቆፍሩ ከሥሩ ቤተክርስቲያን አገኙ፤ የፋራስን ካቴድራል። አሸዋ ሞልቶት ስለነበረ ግድግዳው ቆሞ ነበር፣ በግድግዳው ላይም ከ8ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን የተሳሉ ከ150 በላይ ሥዕሎች ነበሩ። አንዱ ሥዕል በሌላው ላይ በልስን ተደራርቦ።

ከሥዕሎቹ አንዳንዶቹን ኢትዮጵያዊ ሲያይ ቤቱ የገባ ይመስለዋል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳቱ እቶን ውስጥ ቆመዋል፤ መልአኩ ክንፉን ዘርግቷል። ልዩነቱ፣ እኛ ቅዱስ ገብርኤልን የምናውቅበት ቦታ ላይ ኑቢያውያን ቅዱስ ሚካኤልን ሥለዋል። (ቁልቢ የሚወርድ ሰው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።) ቅድስት ሐና ጣቷን በከንፈሯ ላይ አድርጋለች፣ ዓይኗ ትልቅ፣ ዝም የምታሰኝ ወይም ዝም ብላ የምትጸልይ። ጳጳሱ ጴጥሮስ በጠይም መልኩ፣ ከኋላው ሐዋርያው ጴጥሮስ በነጭ ሽበቱ። በአንድ የግድግዳ ጎድጓድ ላይ ደግሞ የ27 ጳጳሳት ስም ዝርዝር ተጽፎ ተገኘ፤ ያ ዝርዝር የከተማዋን ቤተክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ለመሥራት ዋና መሣሪያ ሆነ።

ሥዕሉን ከግድግዳ ማውጣት ራሱ ጥበብ ጠየቀ። ቀራጺው ዩዜፍ ጋዚ ቀጭን የጃፓን ወረቀት በንብ ሰምና በሙጫ ነክሮ በሥዕሉ ላይ እየለጠፈ፣ በጋለ ካውያ እየተኮሰ፣ ከኋላ ልስኑን በመጋዝ እየቆረጠ አወጣው። 120 ያህል ሥዕል በዚህ መንገድ ዳነ። በስምምነቱ መሠረት ከ60 በላይ ወደ ዋርሶ ሄደ፣ የቀረው ካርቱም ቀረ። ውኃው መጣ፣ ቦታው ሰጠመ። ከዋዲ ሐልፋ አካባቢ የነበሩት 50 ሺህ ያህል ኑቢያውያን ደግሞ ከተከዜና ከአትባራ በሚወርደው ውኃ ዳር፣ ኻሽም አል ጊርባ ላይ፣ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለሥዕሎቹ ዓለም ገንዘብ አዋጣ፤ ለሰዎቹ ግን አገራቸውን የሚያህል ምትክ አልተገኘም።

ቫንቲኒ ስለ ፋራስ ቁፋሮ በ1970 መጽሐፍ አወጡ። ከዚያ በፊት ግን ራሳቸው ቁፋሮ ወጥተው ነበር። ከ1967 ጀምሮ የሮማ ዩኒቨርሲቲ በሰርጂዮ ዶናዶኒ መሪነት ሶንቂ ቲኖ በሚባል ትንሽ ቦታ ላይ ቆፈረ። እዚያ የተገኘው የገጠር ቤተክርስቲያን ነው፤ ግድግዳው ግን ከፋራስ የማይተናነስ ሥዕል ይዟል። የመጀመሪያው የቁፋሮ ዘገባ ላይ ሁለት ስም ሰፍሯል፤ ዶናዶኒና ቫንቲኒ። አንዱ የግብፅ ጥናት ሊቅ፣ ሌላው ከካርቱም የመጣ ካህን። ከተገኙት ሥዕሎች ገሚሱ ካርቱም ሙዚየም ገባ፣ ገሚሱ ሮማ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ፋራስ የተቆፈረበትን የመጨረሻ ዓመት፣ 1964ን፣ ከሱዳን ፖለቲካ ጋር አስተያዩት። የጄኔራል አቡድ መንግሥት በ1962 የሚሲዮናውያንን ሥራ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በ1964 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በደቡብ የነበሩትን 300 ያህል የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ አባረረ። የመንግሥቱ ክርክር ግልጽ ነበር። ክርስትና እንግሊዞች ደቡቡን ከሰሜኑ ለመለየት ያመጡት ባዕድ ነገር ነው፤ ሚሲዮናዊውም የዚያ ርዝራዥ ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መንግሥት ፈቃድ፣ በሰሜኑ ጫፍ ላይ ቡድኖች ጠይም ጳጳሳትን ከአሸዋ ውስጥ እያወጡ በሣጥን ያሽጉ ነበር። የክርስትናው ዕድሜ ከእስልምናው ይበልጣል። ባዕድ የተባለው ሃይማኖት በአገሩ ዋና ሙዚየም ውስጥ ዘጠኝ መቶ ዓመት የሚሆን ታሪክ ይዞ ተንጠለጠለ።

እኔ የሚመስለኝ፣ ቫንቲኒ ከሰባኪነት ወደ ታሪክ ጸሐፊነት ያደረጉት ጉዞ ጣዕሙ እዚህ ላይ ነው። በ1981 ያወጡት የሱዳን ክርስትና ታሪክ መጽሐፍ ከኑቢያ ጀምሮ እስከ ዘመናችን ይዘልቃል፤ ሁለቱን በአንድ ሽፋን ውስጥ ማስቀመጥ ራሱ ክርክር ነው። ለሱዳን ክርስቲያን «አንተ እንግዳ አይደለህም» ማለት ነው። ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ ግን ንጹሕ አይደለም። ኮምቦኒዎች ያመጡት የካቶሊክ ክርስትና የኑቢያው ልጅ አይደለም። ኑቢያ ከእስክንድርያ ጋር የነበረች፣ ጳጳስ ከቅብጥ የምትቀበል አገር ነበረች። በሁለቱ መካከል 400 ዓመት ያህል ክፍተት አለ። ክፍተቱን በመጽሐፍ ሽፋን መሸፈን የካህኑ ምኞት እንጂ የታሪክ ጸሐፊው ማስረጃ አይደለም። ምኞቱ ሥራውን አላበላሸውም፤ ሥራውን እንዲሠሩ የገፋቸው እሱ ይመስላል።

ሌላም እንከን አለ። ከ800 ገጹ ውስጥ ብዙው ኑቢያን ከውጭ ያዩ ሰዎች የጻፉት ነው፤ ነጋዴ፣ መልእክተኛ፣ የጂኦግራፊ ጸሐፊ፣ ግብር ሰብሳቢ። ኑቢያዊው ራሱ አይናገርም። ያ ድምፅ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቃስር ኢብሪም ከሚባለው አምባ ላይ በጥንቱ ኑቢኛ የተጻፉ የመሬት ሽያጭ ውሎችና ደብዳቤዎች ወጡ፤ ቋንቋውን የእንግሊዙ ግሪፊዝ በ1913 መፍታት ጀምሮት ነበር፣ ከዚያ በኋላ የመጡት አሻሻሉት። አሁን ስለ ኑቢያ ስናነብ መሬት የሚሸጥ ገበሬ፣ ምስክር የሚቆም ዲያቆን፣ ገንዘብ የምትቆጥር እመቤት እናገኛለን። ዓረብኛው ምንጭ ስለ ንጉሥና ስለ ባሪያ ያወራል፤ ኑቢኛው ስለ እርሻ። የካህኑ ጥራዝ ያረጀው በዚህ በኩል ነው።

በሌላ በኩል ግን አላረጀም። ኑቢያ ለምን ጠፋች የሚለውን ጥያቄ ያነሳ ሁሉ ዛሬም ወደዚያ ይመለሳል። ጥያቄው ለእኛ ከባድ ነው፤ ምክንያቱም መልስ የሚመስለን ነገር ሁሉ እኛ ጋ ሲደርስ ይሰናከላል። «ጳጳስ ከእስክንድርያ መጠበቋ ነው ያጠፋት» ይባላል። እኛም እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ከዚያው ስንጠብቅ ነበር። እንዲያውም ኑቢያ በየከተማው ጳጳስ ሲኖራት፣ ኢትዮጵያ በአንድ አቡን ብቻ ትኖር ነበር። «በሙስሊም ጎረቤት መከበቧ ነው» ይባላል። እኛም ተከበናል። የ14ኛው መቶ ዘመን ዓረብ ታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኸልዱን የሰጠው ምክንያት የተሻለ ይመስለኛል፤ የዓረብ ጎሣዎች የኑቢያ ነገሥታትን ልጆች አገቡ፣ በኑቢያ ደግሞ ሥልጣን በእናት በኩል ስለሚወረስ ዙፋኑ ቀስ ብሎ እጃቸው ገባ። በዚያ ላይ የግብፅ ገዢዎች የነበሩት ማምሉኮች ከ1270ዎቹ ጀምሮ ንጉሥ እያነሱ ንጉሥ ሲያስቀምጡ የቀረውን ኃይል ጨረሱት። በረሃ ውስጥ አንድ ወንዝ ብቻ ይዞ የሚኖር አገር ወንዙ ሲያዝበት መሸሻ የለውም። ደጋው የሰጠንን ነገር ዓባይ ለኑቢያ አልሰጣትም።

የዚህን መጨረሻ በዓይኑ ያየ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር። ከ1520 እስከ 1526 በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የቆየው የፖርቱጋል ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንደጻፈው፣ ከኑቢያ ስድስት ሰዎች መጡ። የሚጠይቁት ቄስና መነኩሴ ነው፤ የሚያስተምራቸው የለም። ንጉሡ አልሰጣቸውም። የራሱ አቡን ከሙስሊም አገር የሚመጣ መሆኑን አንስቶ፣ ሌላው የሚሰጠውን እሱ እንዴት ይሰጣል አለ። ከ500 ዓመት በፊት የኑቢያ ንጉሥ ለኢትዮጵያ አማልዶ ነበር። አልቫሬዝ ይህን ያወቀ አይመስልም፤ ልብነ ድንግልም ስንክሳሩን በዚያ ቀን አስታውሶ እንደሆነ አንድ እግዜር ያውቃል።

አሁን ወደ ሙዚየሙ እንመለስ።

ካርቱም ከተዘረፈ በኋላ በየመድረኩ የሚሰማ አንድ ነገር አለ፤ «እንኳን ገሚሱ ዋርሶ ሄደ!» ይላል። ይህ ሲሰማ ትክክል ይመስላል፣ ግን በጣም ይፈጥናል። ዋርሶ ራሷ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙዚየሟ የተዘረፈባት፣ ከተማዋ በ1944 በዘዴ የተደመሰሰችባት አገር ናት። አውሮፓ ስለሆነ ይጠበቃል ማለት ታሪክን አለማወቅ ነው። ቅርሱ እዚያ መሄዱ ያዳነው ቦታው ደህና ስለሆነ ሳይሆን፣ በሁለት ቦታ ስለተከፈለ ነው። ጦርነት ሁለት ከተማ ላይ በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ቢያንስ አብዛኛውን ጊዜ።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ 9 ሺህ ገደማ መጻሕፍትን ፎቶ አንስቶ ቅጂውን ሚኒሶታ አስቀመጠ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም እዚያው ተቀምጠው ካታሎጉን ሠሩት። በዚያን ጊዜ ለምን ለውጭ አገር ብለው የተቆጡ ነበሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣ፤ በእኛ ዘመን ደግሞ የትግራይ ጦርነት መጣና የብራና መጻሕፍት በኢንተርኔት ለገበያ ሲቀርቡ አየን። ቅጂ ዋናውን አይተካም፤ ብራናው ሲጠፋ ሽታው፣ ስፌቱ፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፈው የመሬት ውል፣ ከሁሉ በላይ ከሕዝቡ እጅ ይጠፋል። ግን የጠፋውን «የእኔ ነው» ለማለት መጀመሪያ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ቅጂው ነው።

ፖላንዶች ዶንጎላ ላይ ቁፋሮውን እስከ ጦርነቱ ድረስ አላቋረጡም። በ2021 ከመሬት ሥር ያገኙት የአንድ ትልቅ ቤተክርስቲያን ክፍል የማኩሪያ ካቴድራል ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። በኤፕሪል 2023 መጀመሪያ ላይ ደግሞ የኑቢያ ንጉሥ ዳዊትን ሊሆን ይችላል የሚሉትን የግድግዳ ሥዕል፣ መልአኩ ሚካኤል ክንፉን ከዘረጋለት ጋር፣ ለዓለም አሳዩ። በዚያው ወር በ15ኛው ቀን ካርቱም ላይ ተኩስ ተከፈተ።

ዛሬ የሱዳን የቅርስ ባለሙያዎች ከፊታቸው ያለው ሥራ አሰልቺ ነው። የጠፋውን ዕቃ ዝርዝር መሥራት። የሙዚየሙ መዝገብ በተበታተነበት ቦታ ዝርዝሩን መልሶ የሚሰጠው የቁፋሮ ዘገባ ነው፤ የዕቃው ቁጥር፣ መጠኑ፣ ፎቶው፣ በየትኛው ክፍል በስንት ሜትር ጥልቀት እንደተገኘ። በ1960ዎቹ ሁለት ሰዎች ስለ ሶንቂ ቲኖ በጣልያንኛ የጻፉት ዘገባ ሊቃውንት ብቻ የሚያገላብጡት ወረቀት ነበር። አሁን ግን በሠለስቱ ደቂቅ ሥዕል ቁራጭ ወይም በአንድ የመስቀል ጌጥ ላይ ዓይኑን የጣለ ፈታሽ፣ በፖርት ሱዳንም ይሁን በመተማ፣ ከእጁ ያለውን ነገር ከፎቶው ጋር ያስተያየዋል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ከጎኑ መለኪያ ማስመሪያ ተደግፏል፣ ከሥሩም ቁጥር አለ።